“አላውቀውም” የተባሉት ስሞች፦ ቤተ እምነቶች እንዴት ይመናመናሉ፣ እንዴትስ መልሰው ያድጋሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የአባላት መዝገብ ሲጣራ አብሬ ተቀምጬ ነበር። መዝገቡ የ640 ሰዎችን ስም ይዟል። እሑድ ጠዋት የሚሰበሰበው ሕዝብ ግን ሕፃናቱ ተቆጥረው እንኳ 150 አይሞላም። ጸሐፊዋ ስም ትጠራለች፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይመልሳሉ፤ እኔ በአራት ዓምድ እመዘግባለሁ፦ “አለ”፣ “ዐርፏል”፣ “ተዛውሯል”፣ “አላውቀውም”። መጀመሪያ ላይ ሥራው ፈጣን ነበር። ወደ መካከሉ ስንደርስ ግን ሽማግሌዎቹ ስም በተጠራ ቁጥር እርስ በርስ መተያየት አበዙ። “ይህች የማን ልጅ ነበረች?” “ከመዘምራን ጋር ትቆም የነበረችው አይደለችም?” “እሷስ ሌላ ናት።” ሲመሽ ዓምዶቹን ደመርን። ረጅሙ አራተኛው ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ ተጣልቶ የወጣ ወይም “ከእንግዲህ አላምንም” ብሎ የተናገረ ሽማግሌዎቹ ማስታወስ የቻሉት ሁለት ሰው ብቻ ነው። የቀሩትን ያባረራቸው የለም። የጠራቸውም የለም።

ስለ አብያተ ክርስቲያናት መመናመን ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ወደ ትልልቅ ጉዳዮች ይሄዳል፦ ዘመናዊነት፣ ፖለቲካ፣ የስብከት መላላት፣ የመዝሙር ስልት። ሁሉም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ነገሩን ከመዝገቡ በኩል ይዤ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ቤተ እምነት የሚያድገውም የሚመነምነውም በአንድ በአንድ ሰው ነውና፣ የአንዱ ሰው መንገድ ካልታየ ትልልቁ ምክንያት ሁሉ አየር ላይ ይቀራል።

መጠኑ ምን ያህል ነው?

በቅድሚያ ጥቂት አሃዞች፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት በ1937 መጠየቅ ሲጀምር የቤተ እምነት አባል ነኝ ያለው ሕዝብ 73 በመቶ ነበር። በ1999 ገና 70 በመቶ ነበር። በ2020 ወደ 47 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 60 ዓመታት የወረደው በጥቂቱ ሲሆን በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ግን ሲሶው ተናደ። በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው በ2011 59.3 በመቶ፣ በ2021 46.2 በመቶ ነው። በ1983 ሲዋሐድ 3.1 ሚሊዮን ያህል አባላት የነበሩት የአሜሪካ ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ2023 የቀሩት 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ።

ይህን አይቶ “ክርስትና እያለቀ ነው” የሚል ካለ ካርታውን አላየም። በ1910 ከዓለም ክርስቲያኖች ሁለት ሦስተኛው አውሮፓውያን ነበሩ፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የሚኖረው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። በ2020 ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ 31 በመቶውን ሲይዝ አውሮፓ ወደ 22 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ጥያቄው ሃይማኖቱ ይኖራል ወይስ ይጠፋል አይደለም። ጥያቄው አንዲት የተወሰነች ቤተ እምነት፣ በተወሰነ ቦታ፣ ሰዎቿን ለምን መያዝ አቃታት የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመዝገብ ቁጥር፣ የእሑድ ተሰብሳቢ ቁጥርና ለቆጠራ ሠራተኛ “ክርስቲያን ነኝ” ብሎ የሚመልሰው ሰው ቁጥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጀርመንን ብንወስድ፣ የትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት አባል ከገቢ ግብሩ ላይ እንደየግዛቱ 8 ወይም 9 በመቶ ተጨማሪ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላል። ግብሩ እንዲቀርለት የፈለገ መሥሪያ ቤት ሄዶ መውጣቱን በይፋ ማስመዝገብ አለበት። ስለዚህ እዚያ መውጣት ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ይቆጠራል። በሌሎች ብዙ አገሮች መውጣት ቀን የለውም። ሰውየው አንድ እሑድ ይቀራል፣ ከዚያ ሁለት፤ መዝገቡ ላይ ግን አሥር ዓመት ይኖራል። መሪዎች በመዝገቡ ከተመሩ፣ ችግሩ የሚገባቸው ጣሪያው ሲያፈስና ማሠሪያ ሲታጣ ነው።

የመግቢያና የመውጫ ሒሳብ

ሰው ወደ አንድ አጥቢያ የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፤ ከአባላት ይወለዳል፣ ከሌላ አጥቢያ ይመጣል፣ ካለማመን ወደ እምነት ይመጣል፣ ወይም ጠፍቶ ይመለሳል። የሚወጣውም ሞቶ፣ ተዛውሮ፣ አኩርፎ ወይም ቀስ በቀስ ቀዝቅዞ ነው።

100 ሰዎች ያሉባትን አጥቢያ ለምሳሌ እንውሰድ። በዓመት 2 ሰዎች ይሞታሉ፣ 3 ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ 2 ሰዎች ቀዝቅዘው ይቀራሉ፤ 4 አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ። ጉድለቱ በዓመት 3 ሰው ነው። ሦስት ሰው ማንም አያስተውልም! ወንበሮቹ እንደተለመደው የሞሉ ይመስላሉ፤ አራቱ አዲስ ፊቶች ደግሞ የዕድገት ስሜት ይሰጣሉ። ነገር ግን በዚሁ መጠን፣ በየዓመቱ ካለው ሰው ከመቶ ሦስት እየጎደለ ከቀጠለ፣ ከ10 ዓመት በኋላ 74 ሰው፣ ከ20 ዓመት በኋላ 54 ሰው ይቀራል። አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን ቀዝቅዘው የሚቀሩትን ሁለቱን ብቻ ማቆየት ተቻለ እንበል። ከ10 ዓመት በኋላ 90 ሰው ይኖራል። ለዚህ አዲስ ሕንፃም አዲስ የድምፅ መሣሪያም አላስፈለገም፤ የቀረውን ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ መሪዎችን አብዝቶ የሚያታልለው ከሌላ አጥቢያ የሚመጣው ሰው ነው። አንድ ትልቅ አጥቢያ በአንድ ዓመት 300 ሰው ጨመረ ሲባል ደስ ይላል። ከእነዚያ ውስጥ 270ዎቹ ከጎረቤት አጥቢያዎች የመጡ ከሆኑ ግን በአካባቢው ያለው የምእመናን ቁጥር ከቦታ ቦታ ተሸጋገረ እንጂ አልጨመረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሕንድ ያገለገለው ሚስዮናዊ ዶናልድ ማክጋቭራን አጥቢያዎች ዕድገታቸውን በልደት፣ በዝውውርና በእምነት መለወጥ ለይተው እንዲቆጥሩ አጥብቆ ያሳሰበው ይህን አይቶ ነው። ሌሎች አሳቦቹ ብዙ ያከራክራሉ፤ ይህኛው ግን ዛሬም በየጉባኤው ሪፖርት ላይ መግባት ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ቀዳዳ ያለው ቤት ውስጥ ነው

ብዙ ሰው ቤተ እምነቶች የተመናመኑት አዋቂዎች እምነታቸውን እየተዉ ስለሄዱ ይመስለዋል። ይህ አለ፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው ልጆች የወላጆቻቸውን ቦታ አለመተካታቸው ነው።

ዴቪድ ቮዋስና አላስዴር ክሮኬት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 የብሪታንያን መረጃ ሲመረምሩ፣ ሁለቱም ወላጆች ሃይማኖተኛ ሲሆኑ ልጁ ሃይማኖተኛ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን አገኙ። ከወላጆች አንዱ ብቻ ከሆነ ዕድሉ የዚያ ግማሽ ይሆናል። ሃይማኖት የሌላቸው ወላጆች ግን ያንኑ ለልጆቻቸው ያለ ምንም ጥረት ያስተላልፋሉ። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ ግማሹ ይጎድላል። አያቶች 100 ከነበሩ ልጆች 50፣ የልጅ ልጆች 25። አንድም ሰው እምነቱን ሳይክድ፣ አንድም ጠብ ሳይነሳ።

በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ነገር ታይቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወግ አጥባቂዎቹ ቤተ እምነቶች ሲያድጉ ነባሮቹ ሲመናመኑ ሁሉም ምክንያቱን በትምህርተ ሃይማኖት ጥብቀትና መላላት ውስጥ ይፈልግ ነበር። በ2001 የታተመ የሦስት የሶሺዮሎጂ ምሁራን ጥናት ግን የለውጡ ሦስት አራተኛ ያህል የመጣው ከወሊድ ልዩነት መሆኑን አሳየ፤ የወግ አጥባቂዎቹ እናቶች ብዙ ልጅ፣ ያውም ቀደም ብለው ይወልዱ ነበር። የወሊዱ ልዩነት ሲጠብ ያኛውም ብልጫ አብሮ ጠበበ። በ2006 16.3 ሚሊዮን አባላት የነበሩት የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት በ2024 12.7 ሚሊዮን ያህል ቀርቶታል። “እኛ ጥብቅ ስለሆንን አይነካንም” የሚል ቤተ እምነት ካለ ይህን አሃዝ ደጋግሞ ይመልከት።

ታዲያ እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው በምንድን ነው? ከ1970 ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን ለ35 ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ቅርበት የሚሰማቸው ልጆች፣ በተለይም አባታቸው የሚቀርባቸው፣ እምነቱን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ወላጅ ራሱ የሚኖርበት እምነት ከሙቀት ጋር ሲሆን ይተላለፋል፤ አጥባቂ ሆኖ ግን የራቀ አባት ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱን ሳያወርስ ይሞታል። ይህን ሳነብ ልቤ ከብዶ ነበር። በየጉባኤው የወጣቶች አገልግሎት በጀት ላይ ስንከራከር ሰምቻለሁ፤ አባቶችን ሰብስቦ “ልጅህን በዚህ ሳምንት ስለ ምን አዋራኸው?” ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ ግን አላየሁም።

ወጣቶችን ከአዋቂዎች ለይቶ ማስተናገዱም መታሰብ አለበት። ልጁ በሕፃናት ክፍል፣ ከዚያ በታዳጊዎች፣ ከዚያ በወጣቶች አዳራሽ አድጎ 19 ዓመት ሲሞላው፣ ወላጆቹ የሚያመልኩበትን ጉባኤ ጨርሶ አያውቀውም። ስሙን የሚጠራው አንድ የ60 ዓመት ሰው እዚያ ከሌለ እዚያ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ለየብቻው የሚሰጠው ትምህርት ይቀጥል፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ ከወላጆቹ ሌላ ሁለት ሦስት አዋቂዎች በስም የሚያውቁት፣ አገልግሎትም የሚያጋሩት ሊሆን ይገባል።

አንድ ፔኒ የሠራው ሥራ

ሁሉም በምሳሌ ይብራራል ከተባለ፣ የሜቶዲስቶች ታሪክ ይበቃኛል። በ1742 በእንግሊዝ በብሪስቶል ከተማ የእንቅስቃሴው መሥራች የጆን ዌስሊ ተከታዮች የመሰብሰቢያ ቤታቸው ዕዳ ነበረበት። ዕዳው እንዴት ይከፈል ብለው ሲመክሩ ፎይ የተባለ ካፒቴን፣ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ አለ። ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ ከየት ያመጣሉ ተባለ። እሱም፣ ከድሆቹ ሁሉ ድሆች የሆኑትን አሥራ አንድ ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ እየዞርኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ የሌላቸው እንደሆነ ስለ እነሱ እኔ እከፍላለሁ አለ። ሌሎችም እንዲሁ ሰዎችን ተከፋፈሉ።

ዕዳ ሊሰበስቡ በየቤቱ የገቡት ሰዎች ግን ሌላ ነገር አዩ። አንዱ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ተገኘ፤ ሌላው ሰክሮ ተገኘ። ይህን ለዌስሊ ሲነግሩት ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የነበረው ነገር ይኸው መሆኑ ወዲያው ገባው። ከዚያ በኋላ አባላት ሁሉ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ገደማ እየሆኑ በቡድን ተመደቡ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ መሪ ተሰጠው። መሪው ቄስ አይደለም፤ ጫማ ሠሪ፣ ነጋዴ፣ የቤት እመቤት ሊሆን ይችላል። ሥራው እያንዳንዱን ሰው በየሳምንቱ አግኝቶ “ነፍስህ እንዴት ናት?” ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ አሠራር ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ የሆነውን እዩ። በታሪክ አጥኚዎች ስሌት፣ በ1776 ከአሜሪካ የቤተ እምነት ተከታዮች ሜቶዲስቶቹ ከመቶ ሦስት አይሞሉም ነበር። በ1850 ከመቶ 34 ሆኑ። በፈረስ የሚዞሩት ሰባኪዎቻቸው ስማቸው የገነነ ነው፤ ይሁንና ሰባኪው ወደ አንድ መንደር የሚደርሰው በብዙ ሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሁሉ የሚጠብቀው፣ የሚጎበኘው፣ የታመመውን የሚጠይቀው ያ ደመወዝ የሌለው የቡድን መሪ ነው። በኋላ ከተሞቹ ሲያድጉ፣ አጥቢያዎቹ ቋሚ ቄስና የሚያምር ሕንፃ ሲያገኙ፣ የቡድን ስብሰባው አሰልቺ ግዴታ መስሎ ታየ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቀስ በቀስ ቀረ። “ቄሱ አለልን” ተባለ። አንድ ቄስ 300 ሰው ሊጠብቅ እንደማይችል ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀ።

ዛሬም “የቤት ለቤት ኅብረት” ወይም “የሕዋስ ቡድን” ያላቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው፤ በአብዛኛው ግን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተለውጠዋል። ጥናቱ መልካም ነው። የጎደለው ግን አሥራ አንዱ ሰዎች የእኔ ኃላፊነት ናቸው የሚል ሰው ነው።

አዲስ አጥቢያ መትከል፣ አሮጌውን ማንሣት

አዳዲስ አጥቢያዎች ካለማመን የሚመጡ ሰዎችን ከነባሮቹ በተሻለ ይቀበላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ50 ዓመት አጥቢያ ውስጥ የሁሉም ሰው ወዳጅነት ተሞልቷል፤ እንግዳው ሰላምታ ያገኛል እንጂ ቦታ አያገኝም። በስድስት ወር አጥቢያ ውስጥ ግን ወንበር የሚደረድር ሰው እንኳ ስለሚያስፈልግ እንግዳው በሁለተኛው ሳምንት ተፈላጊ ይሆናል። በለንደን የሚገኘው ሆሊ ትሪኒቲ ብሮምፕተን የተባለው አጥቢያ በ1985 መቶ ያህል ሰዎቹን ከፍሎ ተመናምኖ ወደነበረ የአንግሊካን ደብር ልኳል፤ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በብዙ ከተሞች ተደግሟል። አዲስ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ አሮጌው ቤት ሰው ተላከለት። ይህን የሚተቹ፣ የተላኩት ሰዎች ባህላቸውን ይዘው በነባሮቹ ላይ ይጫናሉ ይላሉ፤ ትክክል የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። የሚላከው ሰው የደብሩን አሮጊቶች ስም ሳያውቅ መዘምራኑን ከለወጠ መትከሉ ወረራ ይሆናል።

በአሜሪካ በ2019 4,500 ያህል የፕሮቴስታንት አጥቢያዎች ተዘግተው የተከፈቱት 3,000 ያህል መሆናቸው ተገምቷል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሚከፈቱት ከሚዘጉት ይበልጡ ነበር። በዚያው አገር አጥቢያዎች በተሰብሳቢ ብዛት ሲደረደሩ መካከል ላይ በሚገኘው አጥቢያ ሳምንታዊ አምልኮ ላይ የሚገኘው ሰው በ2000 137 የነበረው በ2020 65 ሆኗል። ስለዚህ የቤተ እምነት መሪዎች ስለ ዕድገት ሲያቅዱ በዓይናቸው ፊት መሆን ያለበት በሺህ የሚሰበሰበው ትልቅ አዳራሽ ሳይሆን 65 ሰው ያለበት ቤት ነው። ሁለት ያረጁ አጥቢያዎችን ማዋሐድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የበጀት ጉድለቱን ስለሚያቀል ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያጡት በአንድ ዓይነት ምክንያት ከሆነ ውሕደቱ የሚገዛው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

እምነት የሚጣልበት ቤት

አንድ ነገር ካልተነሣ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት በጀርመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1946 እስከ 2014 ቢያንስ 3,677 ሕፃናትና ታዳጊዎች በካህናት የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አረጋገጠ። በ2022 ብቻ ከ520,000 በላይ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኒቱ ወጡ። በዚያው ዓመት በደቡብ ባፕቲስት ኅብረት ላይ የተደረገ ገለልተኛ ምርመራ፣ የኅብረቱ ኃላፊዎች የተከሰሱ አገልጋዮችን ዝርዝር በምስጢር ይዘው ሳለ ተጎጂዎችን ለዓመታት ሲገፉ እንደ ነበር አሳየ። የሚወጣው ሁሉ በዚህ ብቻ አይወጣም። ልጇን ሰንበት ትምህርት ቤት ለመላክ የምታመነታ እናት ግን በየትኛውም የወንጌል ዘመቻ አትመለስም። መጀመሪያ የተደበቀው መገለጥ፣ የተጎዳው መደመጥ፣ አጥፊው ለፍርድ መቅረብ አለበት። የዕድገት ዕቅድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2007 78 በመቶ ሆኖ ያገኘው የአሜሪካ ክርስቲያኖች ድርሻ በ2023 እና 2024 62 በመቶ ሆኗል፤ ነገር ግን ከ2019 ወዲህ ቁልቁለቱ ቆም ብሏል። ወጣቶቹ ከአያቶቻቸው ይልቅ ከሃይማኖት የራቁ ስለሆኑ መቆሙ ይዘልቃል ብሎ መኩራራት አይቻልም። ሆኖም የተሰጠ ጊዜ ነው።

ወደዚያ መዝገብ ልመለስ። “አላውቀውም” የተባሉት ከ200 በላይ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ስሞቹን ከመዝገብ ለመሰረዝ ተነሥተው ነበር፤ ጸሐፊዋ እንቢ አለች። ፈቃደኛ የሆንን ሰዎች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ስም ተካፈልን። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስልኮች አይሠሩም። ሦስተኛው ሰው ወደ ሌላ አጥቢያ መሄዱን ነግሮኝ አመስግኖ ዘጋ። አራተኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ስሜንና ከየት እንደምደውል ስናገር ጥቂት ዝም አሉና በተጨነቀ ድምፅ “ማን ሞተ ልጄ?” አሉኝ።

ማንም አልሞተም፣ እንዴት እንደሰነበቱ ልጠይቅ ነው የደወልኩት አልኳቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ አራት ዓመታቸው ነው። ደረጃ መውጣት አይችሉም። የልጅ ልጃቸው ሊያደርሳቸው ፈቃደኛ ነው፣ ነገር ግን ወደ አዳራሹ የሚገባው በአሥራ ሁለት ደረጃ መሆኑን ያስታውሳሉ። አርባ ደቂቃ ያህል አወራን። ከስማቸው ጎን “አላውቀውም” የሚለውን ሰርዤ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ጻፍኩ፤ ከሥሩም “በጓሮ በኩል ያለው በር ደረጃ የለውም፤ ይከፈት” ብዬ ለጸሐፊዋ ማስታወሻ ተውኩ።